«ግራንድ ፕሪ» (1966)፦ የፍቅር ታሪኩ ይቆረጥ የምትሉ፣ ኑ እንነጋገር

አራት_ኪሎ_ማታ · እሑድ ከቀኑ 8፡15

ትናንት ማታ «ግራንድ ፕሪ»ን አይተን ስንወጣ ግማሾቻችን በደስታ ሰክረን ነበር፤ ግማሾቻችን ደግሞ «አንድ ሰዓቱ ተቆርጦ ቢጣል ምን ነበረበት» እያልን። ክርክሩ ደረጃው ላይ ተጀምሮ እስከ አራት ኪሎ ሐውልት ድረስ ተከተለን፤ ታክሲ በየሰፈራችን በተነን እንጂ አላለቀም። ስለዚህ እዚህ አመጣሁት። መጨረሻውን ስለምናነሣ ያላያችሁት ተጠንቀቁ።

ላላያችሁት በአጭሩ፦ ስለ ፎርሙላ ዋን የመኪና እሽቅድምድም የተሠራ ፊልም ነው፣ ዳይሬክተሩ ጆን ፍራንከንሃይመር ነው፣ ርዝመቱ 3 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። አራት ሾፌሮች አሉ፦ አሜሪካዊው ፒት አሮን (ጄምስ ጋርነር)፣ ሁለት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ፈረንሳዊ ዣን ፒየር ሳርቲ (ኢቭ ሞንታን)፣ እንግሊዛዊው ስኮት ስቶዳርድ (ብራያን ቤድፎርድ)፣ ወጣቱ ሲሲሊያዊ ኒኖ ባርሊኒ (አንቶኒዮ ሳባቶ)። ሞናኮ ላይ አሮንና ስቶዳርድ ይጋጫሉ። አሮን ከነመኪናው ወደቡ ውስጥ ይወድቃል፣ ስቶዳርድ አጥንቱ ይሰባበራል። አሮን ከቡድኑ ይባረራል፣ የስቶዳርድ ሚስት ባሏን ትታ ትሄዳለች፣ ስቶዳርድም በማስታገሻ መድኃኒት ራሱን ደግፎ መሪ ጨብጦ ይመለሳል።

የእኔ አቋም ይኸው፦ የፍቅር ታሪኩን ካወጣችሁት የሚቀረው የሚያምር የመኪና ማስታወቂያ ነው። ሳርቲ ሞንዛ ላይ ሲሞት ክፍሉ ውስጥ ትንፋሽ ሲጠፋ ሁላችሁም ሰምታችኋል። ለምን ጠፋ? ሰውየው መድከሙን፣ ለምን እንደሚነዳ ለራሱም እየጠፋው መሆኑን፣ ከሉዊዝ (ኢቫ ማሪ ሴንት) ጋር ሌላ ኑሮ እንዳማረው ፊልሙ ሳይቸኩል ስላሳየን ነው። ይህን ሳናውቅ መኪናው ከኩርባው ቢወረወር የምናየው ብረት ሲሰባበር ብቻ ነው።

ካንዴላ · እሑድ ከቀኑ 8፡50

ወንድሜ፣ አክብሬህ ነው ግን አልስማማም።

እኔ ጋራዥ ውስጥ ያደግሁ ሰው ነኝ። ለእኔ ፊልሙ የሚጀምረው ከመግቢያ ጽሑፉ ነው። ስክሪኑ ጥቁር ነው፤ ያ ጥቁር የጭስ ማውጫ ቀዳዳ ሆኖ ይገኛል። ከዚያ ቁልፍ ሲዞር፣ ጎማ ሲፈተሽ፣ ሞተሮቹ አንድ በአንድ ሲነሡ። ገና አንድ ሰው ቁም ነገር ሳይናገር ልቤ ቀጥ ብሏል። እንዲህ ማድረግ የሚችል ሰው ለምን ሆቴል ክፍል ውስጥ ቆመው ከሚተካከዙ ሰዎች ጋር ያስቀምጠኛል?

ብዙ ሰው የማያውቀውን ልጨምር። ተዋንያኑ የሚነዷቸው መኪኖች ፎርሙላ ዋን አይደሉም፤ ባለ 1 ሊትር የፎርሙላ ሥሪ መኪኖች ናቸው። የጂም ራስል የእሽቅድምድም ትምህርት ቤት ነው የፎርሙላ ዋን መልክ ሰጥቶ ያሰናዳቸው፤ በጎን የሚታዩት የጭስ ማውጫ ቱቦዎች ሳይቀሩ ለመልክ የተገጠሙ ናቸው። 1966 ደግሞ ደንቡ ተለውጦ እውነተኞቹ መኪኖች ከ1.5 ሊትር ወደ 3 ሊትር ያደጉበት ዓመት ነው። ስለዚህ ዓይናችሁ የሚያየው አንድ ሦስተኛውን ሞተር ነው፣ ጆሯችሁ የሚሰማው ግን ሙሉውን። ድምፁ የእውነተኞቹ ነው፤ ባለ 12 ሲሊንደሩን ፌራሪ ከባለ 8ቱ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ትለያላችሁ። ማርሽ ሲቀንስ፣ ሞተሩ ሲጮህ፣ ከኩርባው ሲወጣ ድምፁ እንዴት እንደሚከፈት! ትናንት ስፒከሩን ከፍ አድርጉልኝ ያልኩት ለዚህ ነበር።

አሮን የሚነዳ ሲመስል የሚነዳው ጋርነር ራሱ ነው። ያ ፊቱ ላይ የሚመታው ንፋስ ስቱዲዮ ውስጥ በማራገቢያ የመጣ አይደለም፤ ሰውነት ያንን ያውቃል። ለእኔ እውነቱ እዚያ ነው ያለው፣ ንግግሩ ውስጥ አይደለም።

እሙ_ሲኒማ · እሑድ ከቀኑ 10፡05

ሁለታችሁም «የፍቅር ታሪኩ» እያላችሁ አንድ ላይ ጠቅልላችሁታል። ሦስት ናቸው፣ ክብደታቸውም አንድ አይደለም።

የሳርቲና የሉዊዝ በደንብ የተሠራ ነው። ሉዊዝ የመጽሔት ጋዜጠኛ ናት፤ መጀመሪያ ይህን ዓለም የምታየው ከውጭ ሆና ነው፣ እንደ እኛ። ቀስ በቀስ ገብታ መጨረሻ ላይ ከሁሉም የምትጎዳው እሷ ትሆናለች። ሳርቲ ሲሞት በደም የተነከረ እጇን ወደ ፎቶ አንሺዎቹ ዘርግታ የምትጮኸውን አስቡ። ለእኔ የፊልሙ ልብ ያ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ አደጋውን በጉጉት ስንጠብቅ ነበር፤ እጇ የተዘረጋው ወደ እኛም ነው። ካንዴላ፣ ይህ ትዕይንት ያለ እነዚያ የሆቴል ክፍሎች ከየት ይመጣል?

የስቶዳርድ ሚስት የፓት ነገር ግን ያሳዝነኛል። ጄሲካ ዋልተር የምትችለውን አድርጋለች፣ ጽሑፉ ግን አልረዳትም። ባሏ የሞተውን ወንድሙን ጥላ እያሳደደ የሚኖር ሰው ነው። ከእንዲህ ዓይነት ሰው ጋር መኖር ምን እንደሚመስል አንድ ጥሩ ትዕይንት ይበቃት ነበር፤ አልሰጧትም፣ ከአንዱ ወንድ ወደ ሌላው የምትሄድ ብቻ አደረጓት። የኒኖና የፍራንሷዝ አርዲ ደግሞ ገና ሳይጀመር ያልቃል። መቀስ ካስፈለገ እዚያ ይጀመር።

ሰባ_ደረጃ · እሑድ ከቀኑ 10፡20

እኔ ሌላውን አላውቅም፣ ሞናኮ ላይ ግን ከወንበሬ ተነሥቼ ነው ያየሁት። ሰው የሚኖርበት ከተማ ውስጥ፣ በፎቅና በሱቅ መካከል! ከማዘጋጃ ቤት ቁልቁል በቸርችል ጎዳና ለገሃር ድረስ እንዲህ ሲወርዱ አስቡት፣ ያ ቁልቁለት ለብቻው ፍሬን ይጨርሳል።

ባለ_ሴይቼንቶው · እሑድ ማታ 1፡40

ልጆቼ፣ ጥሩ ነገር አነሣችሁ። ትናንት በጊዜ ስለወጣሁ ያልተናገርኩት ነበርና እዚህ ልጻፈው።

ፊል ሂል ስለሚባለው ሰው ልንገራችሁ። ከተወዳዳሪዎቹ ጋር እኩል እየሮጠ ካሜራ የተሸከመውን ፎርድ ጂቲ 40 ይነዳ የነበረው እሱ ነው፤ ፊልሙ ውስጥም በትንሽ ሚና ይታያል። ይህ ሰው የ1961 የዓለም ሻምፒዮን ነው፣ በፌራሪ፣ ሞንዛ ላይ። በዚያው ቀን፣ በዚያው ውድድር፣ በነጥብ ይቀድመው የነበረው የቡድን ጓደኛው ቮልፍጋንግ ፎን ትሪፕስ መኪናው ወደ ሕዝቡ ተወርውሮ እሱም ሞተ፣ ከ10 የሚበልጡ ተመልካቾችም ሞቱ። ሂል ሻምፒዮን የሆነው ጓደኛው በሞተበት ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ የሬሳ ሣጥኑን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነበር።

አሁን የፊልሙን መጨረሻ አስታውሱ። ሞንዛ ነው፣ የሻምፒዮናው መወሰኛ ቀን ነው፣ የፌራሪ ሾፌር ይሞታል። የፌራሪው አለቃ የኒኖን መኪና በባንዲራ ያስቆመዋል። አሮን ያሸንፋል፣ ግን ዋንጫው እጁ ላይ ቀዝቃዛ ነው። ካሜራውን ይዞ በዚያ ኩርባ ላይ የሚሮጠው ሰው ይህን በሕይወቱ ያለፈበት ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ያን ክፍል ያለ ሐዘን ማየት አልቻልኩም።

አንድ ልጨምር። ያ እንደ ግድግዳ ያዘነበለው ኩርባ በእውነተኛው የፎርሙላ ዋን ውድድር ለመጨረሻ ጊዜ ያገለገለው በዚሁ በ1961 ነው። በ1966 እውነተኛው የጣሊያን ውድድር የተካሄደው ያለ እሱ ነው፤ ሉዶቪኮ ስካርፊዮቲ በፌራሪ አሸነፈ። ፍራንከንሃይመር ግን ለፊልሙ ወደ ኩርባው ተመለሰ። አንዳንዶች ስሕተት ይሉታል። እኔ አውቆ ያደረገው ነው እላለሁ፤ ሞት የት እንደሚኖር ሁሉም ሾፌር ያውቅ ነበር።

አራት_ኪሎ_ማታ · እሑድ ማታ 1፡55

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይህን ትናንት ቢነግሩን ኖሮ እንደገና ከመጀመሪያው እናየው ነበር።

ብርሃንና_ጥላ · እሑድ ማታ 2፡30

በሙያዬ ኤዲተር ነኝ፤ በዚህ ፊልም ላይ ያለኝ ፍቅር ከዚያ ይመጣል። ሦስት ኦስካር ወስዷል፦ በኤዲቲንግ፣ በድምፅ እና በድምፅ ኢፌክት። በተዋናይ ወይም በድርሰት እጩ እንኳ አልሆነም። ካንዴላ ያለው በከፊል እውነት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ግን ስለ ስክሪን መከፋፈሉ ማንም አላነሣም! መግቢያውንና እነዚያን ቅንብሮች የሠራው ሶል ባስ ነው፣ የፊልም መግቢያ ጽሑፍን ጥበብ ያደረገ ሰው። አንድ እጅ ቁልፍ ሲያዞር በአራት፣ ከዚያም በብዙ ትንንሽ ሣጥኖች ሲባዛ፤ አንድ ጆሮ በጥጥ ሲደፈን፣ አንድ ሩጫ ሰዓት ሲጫን። ይህ ለጌጥ ብቻ የተደረገ አይደለም። ውድድር በአንድ ጊዜ በብዙ ቦታ የሚሆን ነገር ነው፤ መካኒኩ፣ ሚስትየዋ፣ ሾፌሩ፣ ሰዓት ያዡ ሁሉም በአንድ ሰከንድ ውስጥ አሉ። በተራ ቁርጥ ብታሳየው ያ አንድነት ይጠፋል። በየውድድሩም ዘዴው ይለያያል፦ ሞናኮ በፍጥነት የተሞላ ነው፣ የፈረንሳዩ የክሌርሞን ፌራን ውድድር ግን በሞሪስ ዣር ሙዚቃ እንደ ጭፈራ ቀስ ብሎ ይፈስሳል፣ ምስል በምስል ላይ እየቀለጠ። ውድድሩ ማን አሸነፈ የሚለው እዚያ አያስጨንቀውም። ሁሉንም አንድ ዓይነት አድርጎ ቢቆርጥ ኖሮ ከሁለተኛው በኋላ እንሰለች ነበር።

አንድ ነገር ከልቤ ልናገር። ይህ ፊልም በ70 ሚሊ ሜትር ተቀርጾ ለሲኔራማ፣ ማለትም ግድግዳውን ሙሉ ለሚሸፍን ጎባጣ ስክሪን የተሠራ ነው። ያ ስክሪን ሲከፋፈል እያንዳንዷ ሣጥን ለብቻዋ የአንድ ተራ ሲኒማ ስክሪን ታክላለች። ስልክ ላይ ያየው ሰው አላየውም። እኛም ነጠላ ጨርቅ ግድግዳ ላይ ወጥረን ነው ያየነው። ሲኒማ ኢትዮጵያ፣ ሲኒማ ኢምፓየር፣ አምባሳደር ያሉበት ከተማ መሐል ተቀምጠን የድሮ ትልልቅ ፊልሞችን በሚገባቸው ስፋት የምናይበት መደበኛ ቀን አለመኖሩ ሊቆጨን ይገባል። በወር አንድ ማታ ብቻ ቢሆን! እኔ ለመጠየቅም፣ ለመለመንም ዝግጁ ነኝ፤ አብሮኝ የሚመጣ ካለ ይጻፍልኝ።

ለገሃር_ቁልቁል · እሑድ ማታ 2፡45

ሁላችሁም ተሳስታችኋል፤ የዘርፉ ንጉሥ «ለ ማን» (1971) ነው። ስቲቭ ማክዊን፣ ባለ ቁጥር 20 ሰማያዊ ፖርሽ 917፣ እና ከግማሽ ሰዓት በላይ ምንም ቁም ነገር ያለው ንግግር የለም። ካንዴላ የሚፈልገው ያ ነው። ፍቅር የለ፣ ትካዜ የለ።

አራት_ኪሎ_ማታ · እሑድ ማታ 3፡10

ለገሃር፣ «ለ ማን»ን እወደዋለሁ። በ1970 እውነተኛው የ24 ሰዓት ውድድር ላይ ካሜራ የተገጠመለት ፖርሽ 908 አስገብተው ውድድሩ ውስጥ ሆነው ነው የቀረጹት፤ እንዲህ ያለ ድፍረት ዛሬ አይታሰብም። ዋጋም አስከፍሏል፦ ዴቪድ ፓይፐር በቀረጻው ላይ በደረሰበት አደጋ እግሩን አጥቷል፤ ዳይሬክተሩ ጆን ስተርጀስ መሐል ላይ ጥሎ ሄዶ ሊ ካትዚን ነው የጨረሰው።

ግን ማክዊን የሚጫወተውን ሰው እናውቀዋለን? ሰው የሞተበት አደጋ ትዝታ ይዞ ነው የሚመጣው፣ የሟቹም ሚስት እዚያ ናት፤ ፊልሙ ይህን ይነካና ይተወዋል። ከቀኑ እስከ ሌሊቱ ያለውን የውድድር ስሜት ከእሱ የተሻለ የያዘ የለም። ማን እንደተጎዳ ለማወቅ ግን እኔ ወደ ሳርቲ እመለሳለሁ።

ካንዴላ · እሑድ ማታ 3፡40

እሙ፣ የሉዊዝን እጅ ያነሣሽው ነገር ሲያሳስበኝ አመሸ። እሺ፣ የሳርቲ ይቅር፣ አይነካ። የሌላው ላይ መቀሴን አላስቀምጥም።

አሁን ደግሞ ስለ ያሙራ። አሮንን ከሥራ አጥነት የሚያወጣው ጃፓናዊ ባለ ፋብሪካ፣ ቶሺሮ ሚፉኔ የሚጫወተው። ይህ ሰው ከሆንዳ ታሪክ የተቀዳ ነው፤ ሆንዳ ፎርሙላ ዋን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሸነፈው ፊልሙ ከመቀረጹ በፊት በነበረው ዓመት፣ በኦክቶበር 1965 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ነው፤ ሾፌሩ ሪቺ ጊንተር። ሜክሲኮ ሲቲ ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እኛ ደግሞ ከዚያ ከፍ ብለን ነው የምንኖረው!

የአዲስ አበባ መካኒክ ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተር ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚሰጠው ጉልበት ከአምስት አንድ እጅ በላይ ያጣል። አየሩ ሲያንስ ነዳጁ ካልተቀነሰ ካንዴላው በጥቀርሻ ይጠቁራል፣ መኪናው ያንቃል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል። ከጅቡቲ በኩል የመጣ የድሮ ካርቡሬተር መኪና እዚህ ሲደርስ መጀመሪያ የሚደረገው የነዳጁን መጠን ማስተካከል ነበር። የሆንዳው ባለ 12 ሲሊንደር ነዳጁን በኢንጄክሽን የሚሰጥ ነበር፤ ያን ቀን በዚያ ስስ አየር ውስጥ በደንብ ተስተካክሎለት ከመጀመሪያው ዙር እስከ መጨረሻው መራ። ያሙራ ስለ ሥራው በዚያ እርጋታ ሲናገር እኔ የማየው ይህን ነው፤ ሌላው ዋንጫ ሲያይ እሱ የነዳጅና የአየር መጠን የሚያይ ሰው።

እሙ_ሲኒማ · እሑድ ማታ 4፡05

ሚፉኔ! የምሽቱ ክብር የእሱ ነው። ብቻ አንድ ነገር አሳዘነኝ፦ የምንሰማው ድምፅ የእሱ አይደለም፣ ፖል ፍሪስ የሚባል አሜሪካዊ ነው የተናገረለት። ያን የመሰለ ፊት፣ ያን የመሰለ ዝምታ ያለው ሰው የራሱን ድምፅ መነጠቅ አልነበረበትም። በሚቀጥለው ስታዩት ሲናገር ሳይሆን ሲያዳምጥ ተመልከቱት፤ አሮን ሲያወራው ዓይኑ እንዴት እንደሚመዝነው።

ያሙራ መኪና ነጭ የሆነውስ? የብሩስ ማክላረን እውነተኛ መኪና በዚያ ዓመት ነጭ ከአረንጓዴ መስመር ጋር የተቀባው ከፊልሙ ጋር ተስማምተው ነው፣ በእውነተኛው ውድድር ላይ የተቀረጸው ምስል ያሙራን መስሎ እንዲገባ። ልብ ወለዱና እውነቱ አንድ ቀለም ለብሰው ሮጡ።

ባለ_ሴይቼንቶው · ሰኞ ጠዋት 1፡20

እሙ ማክላረንን ስላነሣሽ እኔም ስለ እውነተኞቹ ሾፌሮች ዝም አልልም። ከኋላ የሚታዩት፣ በስብሰባው ላይ የተቀመጡት ፊቶች ተዋንያን አይደሉም። ሎሬንሶ ባንዲኒ በሜይ 1967 እዚያው ሞናኮ ላይ፣ ወደቡ አጠገብ መኪናው ተቃጥሎበት ከሦስት ቀን በኋላ አረፈ። ጂም ክላርክ በ1968 ሆክንሃይም ላይ ሞተ። ብሩስ ማክላረን በ1970 ጉድውድ ላይ መኪና ሲሞክር። ዮኸን ሪንት በዚያው ዓመት ሞንዛ ላይ፤ ከሞተ በኋላ የዓለም ሻምፒዮን የተባለ እሱ ብቻ ነው።

ስፓ ላይ ያለውን ዝናብም አስተውሉ። በ1966 እውነተኛው የቤልጂየም ውድድር ላይ በመጀመሪያው ዙር ድንገት ዝናብ ወርዶ ብዙ መኪኖች ከመንገድ ወጡ። ጃኪ ስቱዋርት ነዳጅ እየፈሰሰበት መኪናው ውስጥ ተጣብቆ ቀረ፤ ያወጡት ሌሎች ሾፌሮች ናቸው እንጂ የተዘጋጀ አዳኝ አልነበረም። ዕድሜውን ሙሉ ለደኅንነት የተሟገተው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። ፊል ሂልም በዚያ ውድድር አጀማመር ላይ ካሜራ በተገጠመ መኪና ከኋላ ተሰልፎ ነበር።

ስለዚህ ፊልሙ ረዘመ የምትሉ ልጆቼ፣ እኔ አጠረብኝ ባይ ነኝ። እነዚያን ፊቶች ትንሽ ቢያቆይልን እወድ ነበር።

ብርሃንና_ጥላ · ሰኞ ጠዋት 2፡05

ጋሼ ለጻፉት አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ኤንዞ ፌራሪ መጀመሪያ ለፊልሙ እሺ አላለም ነበር። ፍራንከንሃይመር ሞናኮ ላይ ከቀረጸው ግማሽ ሰዓት ያህል አቀናብሮ ወስዶ አሳየው፤ ከዚያ በኋላ ነው የማራኔሎ ፋብሪካ በር የተከፈተው። ፋብሪካው ውስጥ ያሉት ትዕይንቶች የተገኙት በዚያ ነው። ፌራሪን ያሳመነው ምስሉ ነው።

ሰባ_ደረጃ · ሰኞ ከቀኑ 6፡30

ጋሼ ባለ ሴይቼንቶው፣ በሚቀጥለው በጊዜ እንዳይወጡብን! መመለሻውን እኔ አደርስዎታለሁ። ብርሃን፣ ሲኒማ ቤቶቹን ለመጠየቅ ስትሄድ እኔም አለሁበት፤ ፒያሳ ስለምሠራ ምሳ ሰዓት ይመቸኛል።

አራት_ኪሎ_ማታ · ሰኞ ማታ 1፡15

እንግዲህ በሚቀጥለው ቅዳሜ «ለ ማን» ነው፣ ለገሃር ቁልቁል ያቅርብልን፤ ከፊልሙ በፊት አሥር ደቂቃ ይናገር። 1 ሰዓት ተኩል ያለፈ ስለሆነ ማታ 12 ሰዓት ከጀመርን ጋሼም ሳይመሽባቸው ይጨርሳሉ። ካንዴላ፣ ትልቁን ስፒከር አንተ አምጣ። መብራት ቢጠፋ የጎረቤቱን ጄኔሬተር ለምኜ ፈቅዶልኛል፣ ነዳጁ ግን ከእኛ ነው።

ካንዴላ · ሰኞ ማታ 1፡22

ነዳጁ በእኔ። ስፒከሩን ዓርብ ማታ አደርሳለሁ፣ ገመዱ አጭር ስለሆነ ማራዘሚያ ያለው ሰው ይያዝ።